ጣውላው ተቆጥሮ ወንድሜ ላልተቆጠረበት የጋራ ኪሳራ

ለተከበሩ የመርከብ ድርጅቱ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ

የተከበሩ ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤንነት፣ ወንበርዎንም በሙሉ ምቾት እንዲያገኝ እመኛለሁ። «እኛ ደህና ነን» ብዬ መቀጠል የደብዳቤ ወግ ቢሆንም እንዳልዋሽዎ ትቼዋለሁ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ባለፈው ክረምት ከመርከባችሁ ላይ ማዕበል የወሰደው መርከበኛ ታናሽ ወንድም። በአደባባይ የምጽፍልዎ ቢሮዎ በተመላለስኩ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለሆኑ ነው።

1. አስቀድሜ ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ። ወንድሜ ሥራ ሲጀምር የባሕርን ሕግ ያስተማሩት እርስዎ ነዎት፤ እሱም በተራው የማጠናበት ጠረጴዛ ላይ የክብሪት ቀፎዎች ደርድሮ አስተማረኝ። ጠረጴዛው መርከቡ፣ ቀፎዎቹ የተለያዩ ሰዎች ጭነት ነበሩ። መርከቡ ሊሰጥም ሲል ካፒቴኑ የአንዱን ጭነት ወደ ባሕር አስጥሎ የሌሎቹን ካዳነ፣ ዕቃቸው የተረፈላቸው ሁሉ ከመርከቡ ባለቤት ጋር እንደየንብረታቸው ዋጋ አዋጥተው ዕቃው የተጣለበትን ሰው ይክሳሉ። ይህም የጋራ ኪሳራ ይባላል። «አየህ አንተ ጩጬ፣ ባሕር ላይ ማንም ብቻውን አይከስርም፤ አለቃችን ነው ያለው» አለኝ። አምኖዎት ነበር።

2. ወንድሜን ደንብ አክባሪ ስላደረጉልንም አመሰግናለሁ። እናታችን የእንግዳ ማረፊያ አንሶላ በእጇ አጥባ ነው ያሳደገችን፤ ወንድሜም በሰው አገር ወደብ አነስተኛ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ገዛላት። ጓደኞቹ «መኝታ ክፍልህ ሸጉጣት፣ ማን ያይሃል» ቢሉት፣ እርስዎ ከልክለዋልና እንደማንኛውም ነጋዴ የማጓጓዣ ከፍሎ፣ በእናቴ ስም በዚያው በሚሠራበት መርከብ ጫናት። ጸሐፊዎ በትህትና እንዳስረዳችኝ፣ ደብቋት ቢሆን ኖሮ እንደ ግል ጓዙ ታልፍ ነበር፤ መዋጮም አይጠየቅባትም ነበር።

3. ማዕበሉ ሲመጣ ከላይ የተከመረው ጣውላ መርከቡን ወደ ጎን አጋደለው። ካፒቴኑ ጣውላው ይጣል አለ፤ ወንድሜና ባልደረቦቹ ወጥተው ሰንሰለቱን ፈቱ። ጣውላው ሄደ፣ መርከቡ ቀና፣ ወንድሜ ከጣውላው ጋር ሄደ። የቀረው ሁሉ በሰላም ገባ፤ ማሽኗም ጭምር። ስለዚህ እናቴ ለጣውላው ነጋዴ ድርሻዋን እንድታዋጣ፣ እስከዚያም ማሽኗ ከመጋዘናችሁ እንዳትወጣ የሚለው ደብዳቤዎ ደረሰን። በነጋዴው አልፈርድም፤ ንብረቱ ነው። ለሁሉ ደህንነት ሲባል የጠፋው ነገር ተዘርዝሮ ከደብዳቤው ጋር ተያይዟል። ጣውላው አለ። ሰንሰለቱ እንኳ አለ። ወንድሜ የለም።

4. ልቅሶ ቤት መጥተው እናቴ አጠገብ ተቀምጠው፣ መሐረብዎን ዓይንዎ ላይ አድርገው «ከዛሬ ጀምሮ ልጅዎ እኔ ነኝ» ያሏትን ሳልጠቅስ ባልፍ ውለታ መርሳት ይሆንብኛል። ጎረቤቶቻችን አዛኝ ቅቤ አንጓች ሲሉዎት ተቆጥቼ የተከራከርኩልዎ እኔ ነኝ። ደብዳቤውን ሳነብላት እናቴ የማን ፊርማ እንደሆነ ብቻ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ ስለ ማሽኗ አንስታ አታውቅም።

ጥያቄዬ ቀላል ነው። ወንድሜን ከዝርዝሩ ውስጥ፣ ከሰንሰለቱ ቀጥሎም ቢሆን፣ ይጻፉልን። የዋጋው ቦታ ባዶ ይሁን፤ እናቴ ዋጋ አታወጣለትም። ከዚያም ዝርዝሩ ዕቃው ለዳነለት ሁሉ ይላክ፤ ሳጥኑን የሚከፍት ሰው ሁሉ ማን እንዳተረፈለት ይወቅ። ያኔ የእናቴን ድርሻ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የጉልበት ሥራ ሠርቼም ቢሆን አመጣለሁ። ማንም ብቻውን አይከስርም ተብሏልና።

ከታላቅ አክብሮትና ከማያልቅ ባለዕዳነት ጋር፣
የባሕርን ሕግ በክብሪት ቀፎ የተማርኩት፣
የመርከበኛው ታናሽ ወንድም

ማሳሰቢያ፦ ልቅሶ ቤት የመጡ ዕለት መሐረብዎን ወንበሩ ላይ ረስተው ሄደዋል። እናቴ በእጇ አጥባ፣ ተኩሳ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልካልዎታለች፤ እኛ ዕቃ ለባለቤቱ ስንመልስ መያዣ አንጠይቅም። ካነሳነው ጊዜ ጀምሮ ደረቅ ስለነበር ለማጠብ አላስቸገራትም።