ልዑልን ፍለጋ

ውድ ወንድምጋሼ ረዳ፣

ባለህበት ደኅና ያድርግህ። እኛ አለን፤ ከተማችን ሐይቅም በቦታዋ አለች፣ ሰዎቿ ግን ግማሽ ሆነዋል። ይህን ደብዳቤ ወዴት እንደምልከው አላውቅም። ቢሆንም አንተን ከወሰዱህ ወዲህ የሆነውን ሳልነግርህ መቅረት አልቻልኩም፤ ምላሴን ታውቀዋለህ።

ያ የለውጡ ሰሞን ትዝ ይልሃል? አገሩ ሁሉ አደባባይ ወጥቶ ሲጨፍር፣ አንተ ከእስጢፋኖስ ጉባኤ ቤት ተመልሰህ ለደቀ መዛሙርትህ ያስተማርከውን የነቢዩ ዳንኤልን ትንቢት ለኔም ትደግምልኝ ነበር። ነገሥታትን የሚሾመውም የሚሽረውም ልዑል ነው፤ ባቢሎንም ፋርስም በሱ ፈቃድ ቆመው በሱ ፈቃድ ወደቁ ትለኛለህ። እኔም ሰርግ ቤት ብትጠራ ይህንኑ ነው የምታወራው እያልኩ አበሽቅህ ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ታጣቂዎቹ ግቢያችን የገቡ ዕለት ረፋዱ ላይ ጉም ከሐይቁ ወጥቶ አጥሩን ውጦት ነበር። አለቃቸው በትሕትና ነው የጠየቀህ።

"አባት፣ ይሄን አገር የሚያዘው ማነው?"

"ልዑል ነው።"

"የት ነው ያለው?"

"የሌለበት ስፍራ የለም።"

የጦሩን ብዛት ሲጠይቅህ ሠራዊቱ አይቆጠርም አልከው። እርስ በርስ ተያዩ። ልዑል የሚባል የጦር አዛዥ በየጎራው አድፍጧል ብለው እንደተረዱት ሲገባኝ፣ ኧረ እግዚአብሔርን ማለቱ ነው ብዬ ጮኽኩ። የምሸፋፍን መሰላቸው። አንተም አንዲት ቃል ማለዘብ ስትችል፣ ሌላ የሚያዝ አላውቅም ብለህ ድርቅ አልክ። ልዑልን እንድታሳያቸው በአምባሰል መንገድ ይዘውህ ሄዱ። ያን ቀን ተናድጄብህ ነበር፤ አሁንም አልበረደልኝም።

ከዚያ ወዲያ ታጣቂዎቹ ልዑልን ይፈሩት ጀመር። ዓሣ አጥማጁ ጎረቤታችን ኑርዬ ዓሣ ሊያደርስላቸው ሰፈራቸው ሲገባ፣ ልዑል ዛሬ በየት ታየ እየተባባሉ በሬዲዮ ሲጠያየቁ ይሰማና እየመጣ ያስቀኝ ነበር። አንዱ ግሸን ሥር አየሁት ይላል፤ ሌላው ውኃው ላይ ሲራመድ አየሁት ብሎ ጉሙ ላይ ሲተኩስ ዋለ። አንድ ቀን ግን ኑርዬ ፊቱ ዐመድ መስሎ መጣ። ከሬዲዮ ሠራተኞቻቸው አንዱ ለቀልድ "ልዑል፣ ልዑል፣ ይሰማል?" ብሎ ተጣርቶ ነበር አሉ።

"ወላሂ እታለም፣ መለሰለት" አለኝ። "'ይሰማል' አለው። የማን ድምፅ እንደሁ አላህ ይወቅ።"

በማግስቱ ምሳቸውን እሳት ላይ ትተው ከከተማው ወጡ። ያሳደዳቸው ሰው አልነበረም።

ቀጥሎ ሌላው ጦር ገባ። ያን ጥሪና ያን መልስ እነሱም በራሳቸው ሬዲዮ ሰምተውታል፤ ልዑልን የጠላት አዛዥ አድርገው ይዘውታል። ዛሬ አንድ መኮንን የልዑል ወሬ ከኛ ግቢ እንደተነሳ ሰምቶ ቤት ድረስ መጣ። ትንቢቱን፣ ያንተን ትምህርት፣ ስሕተቱ እንዴት እንደተፈጠረ ሁሉንም አስረዳሁት። በትዕግሥት ሰምቶኝ ሲያበቃ "እሺ እናቴ፣ የመለሰውስ ማነው?" አለኝ።

ኑርዬ ከኋላው ቆሞ በዓይኑ ይለምነኛል። አላውቀውም ካልኩ ትተውኝ እንደሚሄዱ ገብቶኛል።

"ታውቂዋለሽ ወይስ አታውቂውም?"

አንተን አሰብኩ። በሕይወት ካለህ የማን ሰው ተብለህ እንደታሰርክ አሰብኩ። ጀግና ሆኜ አይደለም ወንድምጋሼ፤ አንተ ያልካድከውን መካድ ስላቃተኝ እንጂ።

"አውቀዋለሁ" አልኩት።

ነገ ጠዋት እንዳሳያቸው ይወስዱኛል። ደብዳቤውን ለኑርዬ ትቼልሃለሁ፤ ምናልባት ቀድመኸኝ ከተመለስክ ቤቱን ከፍተህ ጠብቀኝ። በየት በኩል ነው የሚገኘው ሲሉኝ አንተ የሄድክበትን መንገድ አሳየኋቸው።

የምትናፍቅህ እህትህ
አጸደ