ጉድጓድ ቆጣሪዋ

ሰኞ፣ ኖቬምበር 3። 15፡20

ከምሳ በፊት መቶ አርባ ጉድጓድ። ዓይኔ ጠፋ። ነገም ይሄው ነው። የአንዲት ሩቅ ጨረቃ ፎቶ ስክሪን ላይ ይመጣል፣ በየጉድጓዱ ዙሪያ ክብ አደርጋለሁ፣ ወደ ቀጣዩ። ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ የቦረቦረው ነው። ጉድጓድ ከበዛ ገጿ አሮጌ፣ ካነሰ አዲስ። እንደ ሰው ፊት ነዋ፣ አልኳት ሲግሪድን። ሳቀች። ፕሮፌሰሯ ናት። ኮሙኑ፣ የከተማው አስተዳደር፣ እሷ ጋ ለፕራክሲስ ላከኝ፣ ሦስት ወር፣ ሥራ ትልመድ ተብሎ። አለዚያ ቤት ተጎልቼ ከእማዬ ጋር መነታረክ ነበር።

ት/ቤት ለምን ተውሽ እንዳትዪኝ፣ ደብተሬ። የሂሳብ መምህሩ ኮርጀሻል አለኝ። አልኮረጅኩም። መጽሐፉን ወረወርኩ፣ በሩን ጠርቅሜ ወጣሁ። በቃ።

ሲግሪድ የምትፈልገው ውሃ ነው። ጨረቃዋ ከፀሐይ በጣም ሩቅ ናት፣ ውሃ ሳይቀዘቅዝ ከሚቆይበት ለኑሮ ከሚመቸው ክልል ውጪ። ግን አጠገቧ ያለው ትልቁ ፕላኔት እየጎተተ እንደ ሊጥ ያሻታል። በዚያ ትሞቃለች። ከበረዶው ስር ባህር ሊኖር ይችላል። ውሃው ወደ ላይ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ጉድጓዶቹን ይደፍናል። ስለዚህ ጉድጓድ ሲያንስ ሲግሪድ ደስታዋን አትችለውም።

ሥራዬን ከወደደችው ሲግሪድ ደብዳቤ ትጽፍልኛለች። በኦገስት ት/ቤት ለመመለስ። እንደምፈልገው ለማንም አልተናገርኩም።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6። 16፡05

ተጣላሁ። ከዮናስ ጋር። ማስተርሱን የሚሠራ ተማሪ ነው፣ ረጅም፣ ሁሌ የታጠበ የሚመስል። እዚህ አንዱን ፎቶ ሁለት ሰው ይቆጥረዋል፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ። ከዚያ ይነጻጸራል። የመጨረሻው ፎቶ ላይ የእሱ ሰማንያ፣ የእኔ ዘጠኝ።

ሲግሪድ ሁለታችንንም ጠራችን። እሱ ጉድጓድ ያለውን እኔ ጉብታ ነው የማየው፣ እንደ ብጉር ያበጠ። ዮናስ ስለ እኔ፣ "ቤዛ ቸኩላ ይሆናል" አላት። ለእሷ። እኔ እዚያው ቆሜ! ዓይኑ ውስጥ "ት/ቤት እንኳ ያልጨረሰች" የሚል አየሁ። ወይ መሰለኝ። ደሜ ፈላ። በኖርሽክ፣ በአገሩ ቋንቋ፣ ለቀቅኩበት። ጉድጓድና ጉብታ የማይለይ ሰው በረዶ ላይ ስኪ ሲሄድ እንዴት አልሞተም አልኩ። ሲግሪድ ሳቋን ዋጠች። ከዚያ ኮስተር።

"ቀስቷን አይተሻል?"

"ያ" አልኩ፣ አዎ።

ቀስቷ ፎቶው ጥግ ላይ ያለች ትንሽ ነገር ናት። ፀሐይ ከየት በኩል እንዳበራች ታሳያለች። መጀመሪያ እሷ ትታያለች፣ ብርሃኑ ከላይ እንዲመጣ ፎቶው ይዞራል፣ ከዚያ ይቆጠራል። የመጀመሪያ ቀን ነው የተማርኩት። ፎቶዎቹ ሁሌ ተስተካክለው ስለሚመጡ ማየት ትቻለሁ። የዚህንም አላየሁም።

ምን ለውጥ ያመጣል። ሲግሪድ የእኔን ቁጥር ተቀበለች። ዮናስ ሌላ ሥራ ተሰጠው። ኮሪደር ላይ ሳያየኝ አለፈ። አሸነፍኩት።

እሁድ፣ ኖቬምበር 9። 14፡30

ከቤ/ክ መልስ። እማዬ ለሁሉም አውርታለች፣ ልጄ ጨረቃ ታጠናለች ብላ። ሴንትሩም፣ መሃል ከተማ፣ ቢሮ ስታጸዳ ስንት ዓመቷ፣ እንዲህ ቀና ብላ ስትሄድ አላየኋትም። እትዬ ሙሉ ደሞ ጠየቀችኝ፣ እዚያ ጨረቃ ላይም ኮሙኑ ቤት ይሰጣል ወይ፣ ወረፋው ከሰፈሬ ከስቶቭነር ካጠረ ዛሬውኑ ልመዝገብ። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔም። እማዬ ክንዴን ጨበጥ አደረገች። ልትለቀኝ ነው? አልለቀቀችኝም።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 11። 12፡15

ሽንት ቤት ውስጥ ነኝ።

ምሳ ላይ ሲግሪድ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። የመጨረሻውን ፎቶ አትማ ፊቷ ዘርግታዋለች። ከእኔ በኩል ተገልብጦ ነው የሚታየው። ጉብታ የለም። ጉድጓድ። ሁሉም ጉድጓድ! ዞሬ ከጀርባዋ ቆምኩ፣ ጉብታ። ተመለስኩ፣ ጉድጓድ። ቀስቷን ፈለግኩ። ብርሃኑ ከታች ነው የመጣው። ዓይን ደግሞ ብርሃን ከላይ ነው ብሎ ያስባል፣ ስለዚህ ጎድጓዳው ሁሉ ያበጠ ይመስላል።

ዮናስ ልክ ነበር፣ ፎቶውን አዙሮ ነዋ የቆጠረው። ሲግሪድ ቀስቷን ደግማ አላየችም። "ያ" ስላልኳት።

ዳቦዋን እየበላች ታወራለች፣ ውሃው ምናልባት አሁንም እየወጣ ነው፣ ዛሬም። ዓይኗ ያበራል። ይሄን የሚያወራውን የምርምር ጽሑፏን ነገ እኩለ ቀን ላይ ለመጽሔት ትልከዋለች። ሆዴን አመመኝ ብዬ ተነሳሁ።

18፡10

አመሩድ፣ እኛ ቤት። ዝም ብልስ? ማን እዚያ ሄዶ ይቆጥራል? ማንም። ግን ዮናስ ያውቃል። ሲግሪድ ስሟን አስቀምጣ የተሳሳተ ነገር ትልካለች፣ በእኔ ጦስ። ብናገር ደግሞ ፕራክሲሱም ደብዳቤውም ሄደ። ያኔ ሳልኮርጅ አጭበርባሪ ተባልኩ። አሁን ግን የምር ዋሽቻለሁ። በጣም ነው የፈራሁት፣ ደብተሬ።

እማዬ እራት ብዪ ስትለኝ ጮህኩባት። አልተቆጣችም። አጠገቤ ተቀመጠች።

"ምን ሰበርሽ?"

ነገርኳት። ግማሹ አልገባትም፣ "ያ" ማለቴ ግን ገባት። እሷም ነገረችኝ። ድሮ የምታጸዳው ቢሮ ውስጥ የሰው የመስታወት ዋንጫ ሰብራ ስብርባሪውን በቦርሳዋ ይዛ ወጣች። ማንም አልጠየቃት። አብራት የምትሠራው ሌላዋ ጽዳት ሠራተኛ ግን ከዚያ በኋላ አልመጣችም። ለምን እንደሆነ እማዬ እስከ ዛሬ ለመጠየቅ ፈርታለች።

ምን ላድርግ አልኳት። "እኔ እንጃ ልጄ፣ እኔማ አልተናገርኩም" አለች። ሄዳ ሳህን ማጠብ ጀመረች።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 12። 08፡40

ኮሪደሩ ላይ፣ መሬት ተቀምጫለሁ። የሲግሪድ በር ዝግ፣ መብራቱ በርቷል። ለዮናስ ና፣ ሲግሪድ ጋ አብረን እንግባ ብዬ ጻፍኩለት። "እሺ" ብቻ።

ሜሴጅ ልኬላት ልጠፋ ነበር። ሦስቴ ጻፍኩ፣ ሦስቴ አጠፋሁ። ናይ፣ አይሆንም። በአፌ ነው ያሸነፍኩት፣ በአፌ ነው የምመልሰው፣ እሱ ባለበት። ቸኩዬ ነው አልልም። ፎቶው አሳሳተኝ አልልም። መጀመሪያ ውሸቱን እናገራለሁ። ስህተቱን ከዚያ።

ብታባርረኝስ? በሩን አልጠረቅምም። ቢያንስ ያንን።

ሊፍቱ ተከፈተ። ዮናስ ነው። ደብተሬን ዘግቼ ልነሳ።