የማኅደሩ ጠፍር

ነሐሴ 2፣ ዓርብ

የኮዲያክ ደሴት ዝናብ አላባራም። ሳልሞን ዓሣው ወንዙን ሽቅብ መውጣት ጀምሯል፤ ድቦቹም ተከትለውታል። ተራራውን በእግር ተሻግረን በድሮው መንደራችን መቃብር ላይ ፍትሐት የምናደርስበት ቀን ዐሥር ቀን ቀረው። የሚስቴ ወንድም ኔስቶር ዘንድሮም አብሮኝ ይሄዳል። ለድብ መከላከያ ሽጉጡን የምይዘው ግን እኔ ነኝ... የእርሱ ዐይን ደክሟል።

የአምናው ማኅደር ሽጉጡን የሚይዘው በጥብቀቱ ብቻ ነበር። ቁጥቋጦ ውስጥ ስናልፍ ሾልኮ ወደቀ፤ ግማሽ ቀን ፈለግን። ሌላ ያስፈልጋል። የትኛው?

ነሐሴ 5፣ ሰኞ

ጋቭሪል ሱቅ ሄድን። ቀድሞ አዳኞችን በተራራ ይመራ ነበርና ያውቃል። ደረት ላይ የሚታሰሩ ሁለት ማኅደሮች አወጣ። አንዱ በሌባ ጣት የሚጫኑት መቆለፊያ አለው፤ ሌላው በአውራ ጣት ገፍተው የሚከፍቱት የቆዳ ጠፍር።

«መቆለፊያው ይፈጥናል። ግን ቢደነግጡና ያው ጣት ቃታው ላይ ቢያርፍስ ጋሼ? ጠፍሩን ይውሰዱ።»

ኔስቶር ሣቀ። «የሸሚዙን ቁልፍ ለመክፈት ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። ድቡ ቆሞ ይጠብቀው?»

«አንተ ድቡን በወሬ ትይዝልኛለህ» አልሁት።

ጠፍሩን መረጥሁ።

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

በባዶ ሽጉጥ ተለማመድሁ። መቶ ጊዜ ያህል። አውራ ጣት፣ ጠፍር፣ መምዘዝ... ለካ በዚህም ዕድሜ ይለመዳል።

ነሐሴ 14፣ ረቡዕ

ኔስቶር ሞተ።

ከትናንት በስቲያ፣ ከወንዙ በላይ። ከፊቴ ይሄድ ነበር። ግልገሎች ያሏት ድብ ከሣሩ ወጥታ ጣለችው። «ማትፌይ!» ብሎ ጠራኝ። ሁለት ጊዜ። ከዚያ ዝም አለ፤ እርሷም ትታው ሄደች።

ፖሊሱ «ጠፍሩ አልከፈት አለዎት?» ሲለኝ አንገቴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። ለምን?

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

ቀበርነው። ሚስቱ ፌቭሮኒያ እጄን ይዛ፣ «አንተማ ምን ታደርግ! ያ የተረገመ ጠፍር እንጂ» አለችኝ። ጋቭሪል ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አላለፈም።

ነሐሴ 22፣ ሐሙስ

ሱቁ ተዘግቷል። የጋቭሪል ሚስት መንገድ ላይ አገኘችኝ። «እህል አልቀምስ አለ ጋሼ። "ያንን ማኅደር የሰጠሁት እኔ፣ የገደልሁትም እኔ" ይላል።»

እንግዲህ እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፍ። ጠፍሩን አልነካሁትም። ቀኝ እጄ ሲነሣ ወደ ደረቴ ሳይሆን ወደ ግንባሬ ሄደ። አማተብሁ። ሰባ ዓመት የለመደው ያንን ነው። ኔስቶር ሲጣራ ደግሜ አማተብሁ... ማኅደሩ እንከን አልነበረውም።

ጸሎት ነበርን? ወይስ ፍርሃት?

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

ለጋቭሪል ነገርሁት።

«ለማን ነው ያማተቡት? ለእርሱ?»

«ለራሴ።»

«ይሂዱልኝ» አለ። በሩ ላይ ስደርስ፣ «ለፌቭሮኒያ ዛሬውኑ ይንገሯት። አለዚያ እኔ እነግራታለሁ።»

ሄድሁ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ኔስቶር ምንም አላለም?»

«ስሜን ጠራ።»

«የኔን አይደለም?»

«የእኔን።»

ተነሥታ በሩን ከፈተችልኝ።

ነሐሴ 25፣ እሑድ

ጋቭሪል ቅዳሴ መጣ፤ ከፌቭሮኒያ አጠገብ ቆመ። ኀምሳ ዓመት እኔ ያነበብሁትን መዝሙረ ዳዊት ሌላ ሰው አነበበ። እኔ ከበሩ ሥር ነበርሁ። ሕዝቡ ሁሉ ሲያማትብ እጄን ከኪሴ አላወጣሁም።