አሥራ አራት ጤነኛ ልቦች በላሚኔሽን

ለተከበሩ የልብ ምት መመርመሪያ መሣሪያ ርክክብ አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ጋምቤላ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጌታ ሰላም ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለመላው የኮሚቴ አባላት ይብዛ እያልኩ፣ በዚህ ሙቀት ጤናዎ እንዴት እንደ ሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። የልብዎን ነገር እንኳ አልጠይቅም፤ ፍጹም ጤነኛ መሆኑን በርክክቡ ዕለት ከተማው ሁሉ አይቷል።

እኔ በአውሮፕላን ማረፊያው የመንገደኛ ሻንጣ የምመዝን አብኔር ኦቻላ ነኝ። የምጽፍልዎ ስለ ታላቅ እህቴ ስለ አጁሉ ነው። አጁሉ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት፤ እናታችን ካረፈች ወዲህ ያሳደገችኝም እሷ ናት። ስኳር ከያዛት አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ከግንቦት ወዲህ ደግሞ ልቧ በድንገት ተነሥቶ መረብ ውስጥ እንደ ገባ ዓሣ ይፈራገጥና፣ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ምንም እንዳልነበረ ጸጥ ይላል። ፈርቻለሁ፤ ክቡርነትዎን የማስቸግረውም ስለ ፈራሁ ነው። ቅሬታዎቼ የሚከተሉት ናቸው።

፩. በቅድሚያ ኮሚቴው ላሳየው መስተንግዶ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። መሣሪያው በሆስፒታሉ ሲመረቅ እርስዎን ጨምሮ አሥራ አራት የክብር እንግዶች ተራ በተራ አልጋ ላይ ተጋድመው የልብ ምታቸው በወረቀት እንዲታተምላቸው መደረጉ፣ ለካሜራው እጅዎን ሲያውለበልቡ መስመሩ ስለ ተበላሸም የእርስዎ ሦስት ጊዜ መደገሙ፣ ከዚያም ወረቀቱ ሁሉ ለመታሰቢያ ይሁን ተብሎ ላሚኔሽን ቤት መላኩ፣ ከአስተዋይ አመራር የሚጠበቅ ነው። ያ ወረቀት ሙቀት ሲነካው የሚጠቁር ዓይነት መሆኑን ባለሙያዎቹ ቀድመው ተናግረው ነበር አሉ፤ ግን በደስታ ቀን ባለሙያን ማን ይሰማል? አሥራ አራቱም ልቦች ከሰል መስለው ወጡ። ኮሚቴውም እንግዶቹን ባዶ እጃቸውን ከመሸኘት ብሎ ሁሉንም እንደገና አስተኝቶ አሳተመላቸው፤ በዚሁም የመጨረሻው ጥቅልል አለቀ። በማግስቱ ሻንጣቸውን የመዘንኩላቸው አንድ እንግዳ ወረቀቷን እንዳላጥፍባቸው ስለ ለመኑኝ፣ በሁለት እጄ ይዤ አሳልፌላቸዋለሁ።

፪. በሳምንቱ ሐሙስ ጠዋት አጁሉ ልጆቹን እያስተማረች ልቧ ተነሣባት። የሆስፒታሉ ሐኪም ዶክተር ነጂብ፣ ምቱ በተነሣበት ሰዓት ካልታተመ ሕመሙ አይያዝም ብለዋት ስለነበር፣ ባልደረቦቿ እንደ ደወሉልኝ ሥራዬን ጥዬ በባጃጅ ሆስፒታል አደረስኳት። እሷ አልጋው ላይ ናት፤ ገመዱ ደረቷ ላይ ተለጥፏል፤ ልቧ ይፈራገጣል፤ መብራትም፣ ተአምር ነው፣ አለ። ወረቀት ግን የለም። ዶክተሩ የእጇን ምት በጣታቸው ይዘው ሰዓታቸውን እያዩ ቆጠሩ። ምቱ ሥርዓት እንደሌለው ነገሩኝ፤ ነገር ግን በጣት በተቆጠረ ምት ብቻ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ማስጀመር እንደማይደፍሩ፣ ውጤቱ ካልተያያዘም ሪፈር እንደማይጻፍ ጨምረው አስረዱኝ። አሥራ ስምንት ደቂቃ እንዲህ ስንተያይ ቆየን። ከዚያ ልቧ ጸጥ አለ፤ እኛም ወደ ቤታችን ተመለስን።

፫. ኮሚቴው ከዚያ ቀን በኋላ በእሷ ፊርማ ላቀረብነው አቤቱታ የሰጠው ምላሽ እጅግ አስተማሪ ነበር። መሣሪያው የተመደበው ለልብ ሕሙማን እንደሆነ፣ አመልካቿ ግን የተመዘገቡት በስኳር ሕሙማን መዝገብ በመሆኑ ጉዳዩ እንደማይመለከተው ገልጾልናል። እኛ ደግሞ በየዋህነታችን ስኳሩም ልቡም የአንዲት ሴት ይመስለን ነበር። ዶክተሩ እንዳስረዱን፣ ስኳር በደም ውስጥ ለዓመታት በዝቶ ሲቆይ የልብን ጡንቻና ምቱን የሚቆጣጠሩትን ነርቮች ይጎዳል፤ ስለዚህ የስኳር ሕመምተኛ ለልብ ምት መዛባት ከሌላው ሰው ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ምቱ ሲዛባ ደም ልብ ውስጥ ሊረጋ ይችላል፤ የረጋው ደም ወደ አንጎል ከሄደም ሰውን ሽባ ያደርጋል፣ ይገድላልም። ስኳሩ ወደ ልቧ ሲሻገር የኮሚቴውን መዝገብ ሳያስፈቅድ በመሆኑ በእሷ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፬. ወረቀቱ በሚቀጥለው በጀት ዓመት ይገዛል መባሉን ሰምተናል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ነው።

ክቡር ሆይ፣ የምንለምነው አንድ ጥቅልል ወረቀት ነው። አጁሉን ማጣት አልፈልግም፤ ከእሷ ሌላ ሰው የለኝም። ይህን ከዚህ በበለጠ ትሕትና የምገልጽበት ቃል አጥቻለሁ።

ለልብዎ የተስተካከለ ምት፣ ለሻንጣዎ የተፈቀደ ክብደት፣ ለኮሚቴው ብዙ የምረቃ ቀናት እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ታዛዥዎ አብኔር ኦቻላ
(ፊርማ)

ታካሚዋ አጁሉ ኦቻላ
(ፊርማ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ኮሚቴው የታካሚ ፊርማ የሌለበትን አቤቱታ እንደማይቀበል ስለማውቅ፣ ደብዳቤውን እህቴ እስክትፈርምበት አቆይቼው ነበር። ትናንት ጠዋት ቁርስ ቀርበን ሳለ ብርጭቆው ከእጇ ወደቀ፤ አፏም ወደ አንድ ወገን ተጣመመ። ቀኝ እጇ እስካሁን አይነሣም። ፊርማዋ መዝገብዎ ላይ ካለው ጋር ባይመሳሰል፣ የሌላ ሰው ነው ተብሎ ደብዳቤው ውድቅ እንዳይደረግብን እለምናለሁ፤ በግራ እጇ የፈረመችው ራሷ ናት።