ከጥቅሱ ስር ያለው ስቲከር

አብዮት፣

አሮጌዋ ፒካፓችን ከቁልቁለቱ ላይ ብቻዋን ተንከባላ፣ የጎረቤታችንን የእትዬ ተሾመችን አጥር ጥሳ እንሰታቸው ውስጥ ገብታለች። የእጅ ፍሬኗ እንደማይዝ እያወቅህ፣ ከጎማዋ ስር የምናደርገውን ድንጋይ አንስተህ የቡና ማስጫ ሸራህን ጫፍ አስያዝክበት!

መድን አለን ብዬ ተጽናንቼ ነበር። መስታወቷ ላይ «እግዚአብሔር ጠባቂዬ ነው» የሚል ጥቅስ ስትለጥፍም ልብ ገዛ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ዛሬ ላጥኩት። ስሩ ያለው የሶስተኛ ወገን ስቲከር ጊዜው ካለፈ ቆይቷል።
ዓይን ዓይኔን እያየህ «አሳድሻለሁ» ብለኸኛል።

ቁልፉን ይዤ ወደ ዋጫ ከተማ ሄጃለሁ። መድኗ ሳይታደስ፣ የእጅ ፍሬኗም ሳይሠራ አትነዳትም።
ሽሮ ድስቱ ውስጥ አለ። ላንተ ብዬ አይደለም፤ ተርፎ ነው።

እትዬ ተሾመች እዚያው እንሰቱ ስር ተቀምጠው ነበር። ስልካቸው ጠርቶ ወደ ቤት ባይገቡ ኖሮ...
«መድን ስላላችሁ ተመስገን ነው፣ ልጄ» አሉኝ። እውነቱን መናገር አቃተኝ።

አንተ ሄደህ ንገራቸው። ጥቅስህን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬልሃለሁ፤ እሱንም ይዘህ ሂድ።

ተድላ