ከውሃ ሰወር በላይ ያለፈው መንገድ

ውድ አባባ፣

ከተለየኸን ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። እኛ ደህና ነን። እማማ ጉልበቷን ቢያማትም ቤተ ክርስቲያን መሳሟን አልተወችም። ከአንኮበር ቁልቁል እኛ መንደር ድረስ መኪና ገባ ብልህ ግን የምታምነኝ አይመስለኝም።

ስምንት ዓመቴ ሳለ የሳንባ ምች ይዞኝ አዝለኸኝ የወጣህበት ቀን ትዝ ይልሃል? ያን ጊዜ እስከ ጤና ጣቢያው ያለው የበቅሎ መንገድ ብቻ ነበር። «እንዳትተኚብኝ ልጄ» እያልክ የምናልፍበትን ቦታ ሁሉ በስሙ ትነግረኝ ጀመርክ። መንደራችን መጫኛ ፍታ የተባለው፣ ከቆላ ጨው የሚያመጡ ነጋዴዎች ዳገቱን ሲያጋምሱ የጭነቱን ጠፍር ፈትተው አጋሰሶቻቸውን ስለሚያሳርፉበት ነው አልከኝ። ቀጥሎ ያለው ሜዳ ደግሞ ውሃ ሰወር ነው፤ የክረምቱ ጅረት እዚያ ሲደርስ መሬት ውስጥ ይገባል፤ ላዩ ደረቅ፣ ሆዱ ጭቃ ነው አልከኝ። «ማን አልኩሽ?» ስትለኝ እያቃሰትኩ እመልስልሃለሁ። ስንደርስ ሸሚዝህ በላብ ርሶ ነበር፤ እኔም ተረፍኩ።

አምና መንገድ ቀያሾች መጥተው ችካላቸውን ውሃ ሰወር መሃል ተከሉ። ሜዳ ስለሆነ ሥራው ይቀላል አሉ። በጠሩት ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁና የነገርከኝን ነገርኳቸው። አንዳንዱ ሳቀ። ከቀያሾቹ ጋር የመጣችው መሐንዲስ ግን አልሳቀችም።

«ይህን ማን ነገረሽ?» አለችኝ።

«አባቴ» አልኳት።

በማግስቱ አስቆፈረችው። ጉድጓዱ ወገብ ሳይደርስ ውሃው ቡልቅ አለ። ችካሉን ነቅለው መንገዱን ወደ ላይ አዞሩት። ክረምት ላይ ሜዳው ሰው የሚውጥ ገደል ሆኖ ተደረመሰ፤ መንገዱ ግን ከበላዩ ደህና ቆመ።

ባለፈው ወር ታናሼ አልማዝ ምጥ ሲጠናባት አምቡላንሱ ደጃችን ድረስ መጣላት። ቃሬዛ የተሸከመ ሰው አልነበረም። በሰላም ተገላገለች፤ ወንድ ነው።

አባባ፣ በሕይወት እያለህ በወጉ አላመሰገንኩህም። ስለ ስሞቹ ስታወራ «ደግሞ ጀመረ» እያልኩ የሳቅሁብህም ጊዜ ነበር፤ ይቅር በለኝ። አሁን የማስተምራቸውን ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ በአሮጌው መንገድ «ማን አልኳችሁ?» እያልኩ ይዣቸው እወጣለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርህ። መንገዱ ከውሃ ሰወር በላይ የሚዞርበትን ቦታ ሾፌሮቹ «የጋሽ ደምሴ መታጠፊያ» ይሉታል። እኔ አላወጣሁትም፤ ማን እንደጀመረውም አላውቅም። ተሳፋሪ ሁሉ «እዚህ አውርደኝ» ሲል ስምህን ይጠራል። አንድ ቀን የማያውቅህ ሰው ደምሴ ማን ነበር ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በሕይወት እስካለሁ እኔ እመልስለታለሁ፤ ከእኔ በኋላ ልጆቹ ይመልሱለታል።

ልጅህ አስናቀች