የይታየሽ ክንድ

ግንቦት 12 ቀን 1964 ዓ.ም.
ደመና ነው። ጉልበቴ ያው ነው፤ የሚያደርሰኝ ከአልጋ እስከ ደጃፍ ብቻ ነው። የጤና ጣቢያው ድሬሰር አደም፣ የድሮ ተማሪዬ፣ መጥቶ ልጄን ይታየሽን ክንዷ ላይ የምርመራውን መርፌ ወጋት። በየካቲት የሳምባ ነቀርሳ ክትባት ወስዳለች። ሰውነቷ ክትባቱን ከተቀበለው፣ የተወጋው ቦታ በሦስተኛው ቀን ይጠጥራል። ካልጠጠረ ደሴ ያለው የነርስ ትምህርት ቤት አይቀበላትም... ተማሪዎቹ የሚሠሩት የሳምባ ነቀርሳ ሕሙማን መሀል ነው።
ከሄደች እኔን ማን ያነሣኛል? አልጠየቅኋትም።

ግንቦት 15
ክንዷ ደም መስሏል። ግን ነጭ ሽንኩርት ይሸታል! ጎረቤታችን ወለተ ሰንበት ናት "ወቅጠሽ ቀቢው፣ ይቀላልሻል" ያለቻት።
አደም ሳቀ። "መምህር፣ ይቺ ክንድ ወጥ ልትገባ ነው እንዴ?" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ቅላቱ አይቆጠርም፤ ጥጥሩ ነው። ግን... መምህሬ እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ይለኩ። ያሉትን እጽፋለሁ።"
ዓይኔን ጨፍኜ ዳሰስኩ። ለስላሳ። ደግሜ ዳሰስኩ።
"ምንም የለም" አልኩ።
"እዚሁ እርስዎን ስጦር እንዳረጅ ነው?" አለችኝ ይታየሽ። አደም እንደገና ከተባት።
ክትባቱ ሳይዛት ሕሙማን መሀል እንዳትገባ ብዬ ነው... ይህ ብቻ ነው?

ሐምሌ 9
ዝናብ። ወደ ቅርቡ ከተማ፣ ወደ ቆረም፣ መኪና የለም። ይታየሽ ምግብ ታቀርባለች፣ ትወጣለች። "እንዴት አደርሽ?" "ደህና።" አለቀ።

ነሐሴ 3
አደም በጭቃው መጣ። መርፌው ተደገመ። "ሽንኩርት የሚባል እንዳላይ!" አላት። አልሳቀችም።

ነሐሴ 6
ቅላቱ ትንሽ ነው። ጣቴን አሳለፍኩ... አለ። የጠጠረ፣ ጠርዙ የሚያዝ።
አደም ብዕሩን ይዞ ይጠብቃል። ለስላሳ ነው ብል ይጽፈዋል። እሷም እዚሁ ትቀራለች።
"አባባ፣ ምን አገኙ?" አለች ይታየሽ።
ማስመሪያውን አስጠጋሁ። "አሥራ አንድ ሚሊሜትር።"
ጉልበቴን አቅፋ አለቀሰች። መቼ ነበር እንዲህ ያቀፈችኝ?

ጥቅምት 8 ቀን 1965 ዓ.ም.
መንገዱ ደርቆ ይታየሽ ትናንት ሄደች።
ወለተ ሰንበት ምሳ አመጣችልኝ። "እንደ ፊተኛው ምንም የለም ቢሉ ኖሮ እኮ እዚህ ነበረች። እርስዎ ደግሞ!"
"አውቃለሁ" አልኳት።
ስትወጣ በሩን ልትዘጋው ነበር። መንገዱ እንዲታየኝ ክፍት እንድትተወው ለመንኳት።